ውኃ ያልቀመሰው ዘር

ባሌ ዱባለ ማጠጣት ይወዳል። ሌላው ወንድ ኳስ እንደሚወደው፣ የእኔው ደግሞ የደረቀ ነገር አይቶ ማርጠብ ነው ደስታው። ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ባለችን ቦታ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ እናበቅላለን፤ እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ከወንዙ እየሳበ ያጠጣል፣ እኔ አየር ጤና ወስጄ እሸጣለሁ። ወንዙ ከላይ የፋብሪካውንም የመጸዳጃውንም ጉድ ሁሉ ተሸክሞ ስለሚመጣ አንዳንድ ቀን ጥቁር፣ አንዳንድ ቀን ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል። ደንበኞቼ ጎመኑን አገላብጠው «በወንዝ ውኃ ነው ያደገው?» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ እንዴ? ከላይ ያለው ይለቅብናል፣ ከታች ያለነው እንወቀሳለን፤ ግን ሌላ ውኃ የለንም።

ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ዱባለ ያደረገውን ስትሰሙ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። እኔ ብቻ ነኝ እሱን መስደብ የምችለው።

የወንድሜ የጋዲሳ ሚስት ኢብቲሳም ፍልስጤማዊት ናት። ሁለቱም አማን ከተማ ተማሪ ሳሉ ተዋወቁ፣ ተጋቡ፣ መጡ። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወገቡንና ጉልበቱን የታመመ ሰው እያሠራች ታቆማለች። አማርኛውን ያስተማርናት እኔና የገበያ ጓደኞቼ ስለሆንን አፏ እንደ እኛው ስል ነው፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሊያስቀርባት ቢሞክር የሚሰማውን ይሰማል። ሰፈሩ «ዐረቧ» ይላታል። የምንኖረው ሁላችንም አንድ ግቢ ነው፤ ግቢው የአባቴ የወዬሳ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሳትመለስ መቅረቷ ገርሞኝ ስፈልጋት ከጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ኢብቲ፣ ምን ሆንሽ?»

«የአባቴን ጎተራ አቃጠሉት፣ እትዬ ሙሉ።»

ያቃጠሉት ከመንደራቸው በላይ ኮረብታው ላይ የሚኖሩ ታጣቂ ሰፋሪዎች ናቸው። ወይራ ሊለቀም ሲል መጥተው ነው። ሰው አልሞተም። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ከተረፈ ጎተራ ይሠራል» አልኳት፤ እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ዘሩ ነበራ! የፈቁሱ ዘር!»

ፈቁስ የሚሉት ኪያር መሳይ ነገር ነው፤ ግን ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፣ ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። አያቷ፣ ቅድመ አያቷ ከየዓመቱ ፍሬ የተሻለውን እየመረጡ ያቆዩት ዘር ነው። የመንደሩም ሰው ዘሩን የሚያስቀምጠው እነሱ ጎተራ ነበር፤ ድንጋይ ቤት ስለሆነ እርጥበት አይገባውም። እዚያ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ ማንም አልዘራም፤ ስለዚህ በማንም እጅ የቀረ የለም። ዘሩ አለቀ ማለት ነው።

«ሱቅ ሌላ አይገዙም?» አልኩ። እኛ የምንገዛው ከሱቅ ነው፤ ዘር ማስቀረት የሚባል ነገር ከረሳን ቆይተናል።

እሷ ስታስረዳኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የሱቁ ዘር ውኃ ይጠይቃል። እነ ኢብቲ መንደር ደግሞ ውኃው ከእግራቸው ሥር አለ፣ ጉድጓድ ለመቆፈር ግን ፈቃድ አይሰጣቸውም። ኮረብታው ላይ ያሉት ሣራቸውን ያጠጣሉ፣ እነሱ በቦቴ ይገዛሉ። ፈቁስ ግን የክረምቱ ዝናብ አፈሩ ውስጥ ትቶት በሄደው እርጥበት ብቻ፣ አንዲት ጠብታ ሳይጨመርለት በበጋ ያፈራል። ማንም ቧንቧ ዘግቶ የማያስቀርባቸው ምግብ እሱ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሰው ለምን ጎተራ ያቃጥላል ስል ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

ለካ እሷ ጋ ትንሽ ዘር አለ። ስታገባ እናቷ በመሐረብ ቋጥረው ሻንጣዋ ውስጥ ከተውላት ነበር፤ እፍኝ አይሞላም፣ ዓመታትም አልፈውታል። ለአባቷ ለአቡ ሪያድ ደውላ ነገረቻቸው። ሰውየው ያሉትን ጋዲሳ ተረጎመልን።

«ዝሪው። ግን ውኃ እንዳታሳዪው። አንዴ ውኃ የለመደ ዘር ልጁም ውኃ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የምንሰጠው የለንም።»

እኔ ሳቅኩ። ሰው አዝኖ እያለ መሳቅ ነውር ነው፣ ግን አመለጠኝ። አትክልት ሳይጠጣ? ዕድሜዬን ሙሉ ቱቦ ስጎትት የኖርኩት ለምንድን ነው ታዲያ?

አባዬ ከተቀመጡበት ቀና አሉ። «ምን ያስገለፍጥሻል? ሽምብራን ማን አጠጥቶት ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። ይህ ሁሉ ኮንዶሚኒየምና ጋራዥ የቆመበት ቦታ የእሳቸውና የወንድሞቻቸው እርሻ ነበር፤ እኛ ወደ ከተማ አልመጣንም፣ ከተማው ነው የመጣብን። ከዚያ ሁሉ የቀረቻቸው ከቤቱ ጀርባ ያለችው መረሬ ብቻ ናት፤ መረሬ ማለት ክረምት የጠጣውን ውኃ ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚቆይ ጥቁር አፈር ነው። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ሽምብራ ይዘሩባታል፣ እሸቱን እሳቸው ካልመረቁት የልጅ ልጅ እንኳ አይነካም። በዚያች መሬት ቀልድ አያውቁም።

«ዘንድሮ ሽምብራው ይቅር» አሉ። «የልጂቱ አባት ዘር ይዘራበት።»

ደነገጥን። ኢብቲ ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። አባዬም «በይ ተይ፣ ተይ» እያሉ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

የመስቀል ማግስት አባዬና ኢብቲ ዘሩን ዘሩት። ሁለቱ አፈሩን በጣታቸው ቆፍረው እርጥቡን ሲያገኙ አንድ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘሩን እርጥቡ ላይ አሳርፈው በደረቅ አፈር አለበሱት። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው መሬቱ እንዳይሰነጠቅ ላይ ላዩን መኮትኮት ብቻ ነበር፤ ከተሰነጠቀ እርጥበቱ በስንጥቁ ይወጣል። አሮጌ ዘር ስለሆነ ግማሹ እንኳ አልበቀለም። የበቀለው ግን ሐረጉን መሬት ላይ ዘርግቶ መሄድ ጀመረ፤ ኢብቲም ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይር እዚያው ትወርዳለች። በየማታው ለአባቷ ፎቶ ትልካለች። ጎረቤታችን ፀሎት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ዐረቧ አትክልቷን ጾም አስያዘችው እንዴ?» እያለች ትስቅ ነበር፤ እኔም አብሬያት እስቃለሁ፣ ኢብቲ ከሌለች።

አሁን ወደ ዱባለ ልምጣ።

ያን ቀን ኢብቲ ሥራ፣ እኔ ገበያ፣ አባዬ ለቅሶ ሄደናል። ዱባለ ለምሳ ሲመጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የፈቁሱ ቅጠል ታጥፎ መሬት ላይ ተኝቷል። ጥላ ሲሆን ቀና እንደሚል ተነግሮታል። ሰምቷልም። ግን አላስቻለውም። ሞተሩን አስነሣ፣ ቱቦ በቱቦ ላይ ቀጠለ፣ ከወንዙ እስከ ጓሮ ሳበው፣ መሬቷንም እስክትረካ አጠጣት። ከዚያ እጁን ታጥቦ በር ላይ ቁጭ ብሎ ምስጋናውን ጠበቀ።

እኔ ነኝ መጀመሪያ የደረስኩት። ሽታው ከመንገድ ተቀበለኝ።

«ምን አደረግክ አንተ ሰውዬ?»

«አሳዘኑኝ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። «ልጂቱ አባቷ ሩቅ፣ ጎተራቸው ተቃጥሎ፣ ዘሯ ደግሞ ዓይኔ እያየ በጥም ይለቅ?»

የያዝኩትን ዘንቢል ወረወርኩበት። የቀረኝ ቲማቲም ግንባሩ ላይ ፈረጠ። ያወረድኩበትን ስድብ ሰፈሩ ዛሬም ያስታውሰዋል፤ አልጸጸትበትም። በዚያው መሃል ኢብቲ ገባች። ወርዳ ጭቃው አጠገብ ቁጢጥ አለች፣ በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው። እንድትጮህ ፈለግኩ። እሷ ተነሥታ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ ዱባለ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው፤ ገብታም በሩን ዘጋች።

የእኔ ስድብ ያላስደነገጠውን ሰው ይህቺ ምስጋና ጨረሰችው። ፊቱ ላይ ያለውን ቲማቲም ሳይጠርግ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ሳምንት ሳይሞላ ሐረጎቹ ከሥራቸው እየበሰበሱ ወደቁ። ውኃው ያልደረሰበት ከላይ በአጥሩ በኩል ያለው ጥግ ብቻ ነው፤ ቱቦው አጥሮት ነው እንጂ ልቡማ እዚያም ነበር። እዚያ የተረፉትን ሐረጎች በአንድ እጅ ጣት ትቆጥሯቸዋላችሁ። ከጠጡትም አንድ ሐረግ ብቻ ሳይሞት ቀረ፤ እሱማ ወፈረ፣ ለመለመ፣ የሌሎቹን ቦታ ሁሉ ያዘ።

ኢብቲ ለአባቷ ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሰውየው «የተረፈውን ጠብቂ» ብቻ አሉ። እኛ ግን ሌላ ፍርሃት ገባን፤ ዱባለ ነው ያመጣው። «ሙሉ፣ ውኃው ከሥር ከሥር ሄዶ የላዮቹንም ነክቷቸው ቢሆንስ?» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት፤ መሬት ሥር ገብቼ አላየሁ። ይህ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልወጣም።

ኅዳር ገባና ብርዱ መጣ። የእኛ ሰፈር ውርጭ ለቆላ ነገር አይራራም። ዱባለ ከአየር ጤና ሱቆች ባዶ ማዳበሪያ ለምኖ ሰበሰበ፤ ፀሐይ ስትገባ በእንጨት ደግፎ ሐረጎቹን ያለብሳቸዋል፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይገልጣቸዋል። አንድም ቀን አልዘለለም፣ አሞት እንኳ። ውኃ ይዞ በዚያ በኩል ማለፍ ለራሱ ከለከለ፤ ፊቱን ለመታጠብ ከግቢ ይወጣ ጀመር። አባዬ «ይህ ሰው ሊመነኩስ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ፣ ልናገረው እንጂ፣ ያኔ ነው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና የወደድኩት።

ፈቁሱ አፈራ። የላዮቹ ፍሬ ትንንሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ኢብቲ ለዘር ስለምትፈልገው ማንም እንዳይነካ ከለከለች። የዱባለ ሐረግ ግን ክንድ የሚያህል ፍሬ አንጠለጠለ። ለዘር አይሆንምና ቆርጣ አመጣችው፣ ከትፋ በጨውና በሚጥሚጣ አቀረበችልን። ዱባለ በፍርሃት ጎረሰ፤ «ጥሩ ነው እኮ!» አለ። አባዬ አላመጡ፣ አላመጡ።

«ውኃ ውኃ ይላል» አሉ።

ኢብቲ ከጎተራው ቃጠሎ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ዱባለም ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ።

የላዮቹ ፍሬዎች ዘራቸው እንዲበስል የገና በዓል እስኪደርስ ቢጫ ሆነው ሐረጉ ላይ ሰነበቱ። ፀሎት «አበሰበሳችሁት፣ አሁንስ ብሉት!» ብትለንም የሰማት የለም። ተሰነጠቁ፣ ዘሩ ወጣ፣ ታጠበ፣ ጥላ ላይ ደረቀ። እፍኝ የማይሞላው ዘር ትሪ ሞላ። ጋዲሳ በመዳፉ እያነሣ መልሶ ያፈስሰው ነበር።

በየካቲት አቡ ሪያድ ለዓይን ሕክምና ድንበሩ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻግረው አማን እንደሚሄዱ ሰማን። ኢብቲ ዘሩን ይዛ ሄደች፣ አባቷን አየች፣ አስረክባ ተመለሰች። እሳቸውም ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከተቆላ የዱባ ፍሬ ጋር ቀላቅለው ኪሳቸው ውስጥ አደረጉት። ፍተሻ ላይ ወታደሩ አውጥቶ አየውና መልሶ ሰጣቸው፤ ሽማግሌ የሚቆረጥመው ነገር መስሎት ነው።

ማሳው ዛሬም ዝግ ነው። ሰውየው ግን ማሳ እስኪከፈት አልጠበቁም። ግቢያቸው ውስጥ ጥቂቱን ዘርተው፣ የቀረውን ለመንደሩ ሰው ከፋፈሉት፤ አንዱ ከቤቱ ጀርባ፣ አንዱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ሌላዋ ከበጎቿ በረት ጎን። ዘሩ ዳግመኛ አንድ ጎተራ ውስጥ እንዳይገኝ ብለው ነው። «አሁን ሊያጠፉት ከፈለጉ እያንዳንዱን በር ማንኳኳት አለባቸው» አሏት ኢብቲን በስልክ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ዘሩ የድሮው ዘር ነው ወይስ ዱባለ አበላሽቶታል? ያንን የሚያውቁት አቡ ሪያድ ብቻ ናቸው፣ የሚያውቁትም በምላሳቸው ነው።

ሰኔ ላይ ደወሉ። ውጭ ዝናብ ስለጀመረ ሁላችንም የጋዲሳ ቤት ገብተናል፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ዱባለ በሩ አጠገብ፣ መውጣትም መግባትም እንዳቃተው ሰው ቆሟል። አቡ ሪያድ በስክሪኑ ላይ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ሐረጉ መሬቱን አልብሶታል። ዙሪያቸው ደረቅ ነው፣ አቧራ ነው፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው። አንዱን ፍሬ ቆረጡ፣ በልብሳቸው ጠረጉት፣ ገመጡት። ሲሰበር ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ።

አላመጡ። ኢብቲ የእኔን እጅ ይዛ ልትሰብረው ነው። አባዬ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ሰውየው ዋጡ፣ እንደገና ገመጡ። ከዚያ አንዲት አጭር ነገር ተናገሩ፤ ኢብቲም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ምን አሉ? ጋዲሳ፣ ምን አሉ?» ብዬ ጮህኩ።

ወንድሜ ወደ እኛ ዞረ። «የአባቴ ነው፣ አሉ። ይህ የአባቴ ፈቁስ ነው።»

ቤቱ ተደበላለቀ። አባዬ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ፣ እኔ ማንን እንደማቅፍ ጠፋኝ። አቡ ሪያድ ግን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙን።

«ያ ውኃ ያጠጣው ሰውዬ የታለ?» አሉ፤ ጋዲሳ ተረጎመ።

ዱባለ ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ኮፍያውን አወለቀ፣ ስልኩ ፊት ቆመ፣ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ሰውየው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ኢብቲ እያለቀሰች ራሷ ነገረችው።

«ጋሼ ዱባለ፣ አባቴ የሚልህ፦ በዚህ ዕድሜዬ ውኃ የሚዘጋብን ሰው አይቻለሁ። ጉድጓዳችንን በሲሚንቶ የሚደፍን አይቻለሁ። ማንም ሳይለምነው፣ የራሱን ነዳጅ አቃጥሎ ለእኔ ዘር ውኃ የሚያመጣ ሰው ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጠኝ እንጂ፣ ሙሉ ማሳዬን ያበላሸው።»

ዱባለ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወዲያው ደግሞ አፍንጫውን ጠራርጎ «መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ በያቸው! ሞተሬን ይዤ እመጣለሁ!» አለ።

ኢብቲ ተረጎመች። አቡ ሪያድ ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ «እሱ ይምጣ፣ ሞተሩን እዚያው ይተው!» ብለው ሳቁ፤ እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ከኋላቸው የኢብቲ እናት፣ ከዚያ የጎረቤት ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው ፈቁስ ይዘው ወደ ስልኩ ተሰበሰቡ፤ እናቷም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። እኔማ እልልታ ሰምቼ ዝም ማለት አላውቅም። ተቀበልኳቸው። እሳቸው መለሱ፣ እኔ ደገምኩ፣ ኢብቲ ከመሃል ገባች፣ ቤቱ ተናጋ።

ፀሎት ዝናቡን ሳትፈራ አንገቷን በአጥሩ ላይ አወጣች። «ማን ወለደች?» ብላ ጮኸች።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። «ማንም አልወለደችም!» አልኳት። «ዘሩ አገሩ ገባ! ነዪና አብረሽን እልል በይ!»